የሌሊቱ ሒሳብ

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወዳጄ ክንዴን ያዝ አድርጎ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰደኝ። መቼም ሐበሻ ስለ ገንዘብ ሊያወራ ሲል የሚይዘው አረማመድ አለ። ግራ ቀኙን ቃኘና "ቤት አግኝተናል" አለኝ። "ስድስት መኝታ ክፍል። ሁሉም መሬት ላይ ነው፤ አንድ ደረጃ የለውም።"

"ስድስት ክፍል ምን ያደርግላችኋል? ሁለት ልጅ አይደል ያላችሁ?"

ሳቀብኝ። "አረጋውያን ልናስገባበት ነው እንጂ! አንተም ግባበት" አለኝ። ፊቴ ላይ ያየው ነገር ይኑር እንጃ፣ ቶሎ ብሎ "በገንዘብ ማለቴ ነው" ሲል ጨመረ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አካባቢ ነው። በዚህ ግዛት ሕግ፣ ሰፈር መካከል ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ፈቃድ ካወጣ እስከ ስድስት ሰው ተቀብሎ መንከባከብ ይችላል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ተጨማሪ መስፈርት ላሟላ ቤት እስከ ስምንት ተፈቅዷል። እኛ በአጭሩ "ፋሚሊ ሆም" እንለዋለን። ከውጭ ስታዩት ከጎረቤቱ ቤት የሚለየው ደጁ ላይ ያለው የዊልቸር መወጣጫ ብቻ ነው። ባለቤቱ ፊሊፒኖ ይሆናል፣ ሩማንያዊ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የእኛው ሰው ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለሰው ተቀጥሮ አሥር ዓመት ያገለገለ ሐበሻ ሁሉ በልቡ አንድ ፋሚሊ ሆም አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፈቃዱ ዝም ብሎ አይሰጥም። ለአንድ ሰው የሚሰጠው መኝታ ክፍል ከ80 ስኩዌር ፊት ማነስ የለበትም፤ ወደ ሰባት ካሬ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በየሁለት ወሩ እሳት ቢነሳ እንዴት እንደሚወጣ ልምምድ ይደረጋል። ፈቃድ ጠያቂው ራሱ ሰው በመንከባከብ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የሠራ መሆን አለበት። የወዳጄ ሚስት ይህንን 1,000 ሰዓት አሥር ጊዜ ሳትደግመው አትቀርም፤ አሥራ አራት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ገንዘብ ብቻ ለሚያወጣ እንደ እኔ ላለው ሰው ግን አንድ ሰዓትም አይጠየቅም።

በሳምንቱ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ባለገንዘቦቹ ሦስት ነን፤ እሱና ሚስቱ እንደ አንድ ተቆጥረው፣ እኔ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዕድሜ የሚበልጡን፣ የነዳጅ ማደያ ያላቸው ጋሼ ናቸው። ከእያንዳንዳችን 80 ሺህ ዶላር ይጠበቃል፤ የቀረውን ባንክ ያበድራል። ከስድስት አልጋ የሚገባው፣ ለባንክ የሚከፈለው፣ ኢንሹራንሱ፣ ምግቡ፣ መብራቱ፣ ዳይፐሩ፣ የሁለት ሠራተኛ ደሞዝ፣ ሁሉም በሥርዓት ተዘርዝሯል። መጨረሻ ላይ በወር 5,400 ዶላር ይተርፋል፤ ለሦስት ሲካፈል 1,800።

እርሳስ አንሥቼ አባዛሁት። በዓመት 21,600 ዶላር፤ ካወጣሁት ገንዘብ 27 ከመቶ። ይህንን ያህል ወለድ የሚሰጥ ባንክ ካለ ፖሊስ ነው የሚጠራበት። ግን መጠራጠር የመጣው ኋላ ነው። ያን ዕለትማ ደስ አለኝ። 80 ሺህ ዶላሩ በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራ የተጠራቀመ፣ ደሴ ያለችውን እናቴን ላሳርፍበት ያልኩት ገንዘብ ነበር። ዋናው ሳይነካ ወለዱ እናቴን ቢጦርስ? አንዱን አሮጊት ተንከባክቤ ሌላዋን መጦር! እንዲያውም ጽድቅ ነገር አለበት ብዬ አሰብኩ።

ወዳጄ ልቤ መከፈቱን ሲያይ ትልልቆቹን ጠራልኝ። "ሞኞች ናቸው እንዴ የሚገቡበት?" አለኝ። እውነትም ሞኞች አይደሉም። በአሜሪካ በ1960 በወጣ ሕግ ሰው በትንሽ ገንዘብ የትልቅ ሕንፃ ባለድርሻ የሚሆንበት "ሪት" የሚባል የኩባንያ ዓይነት ተፈጥሯል፤ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው 90 ከመቶውን ለባለአክሲዮኖቹ ማከፋፈል ግዴታው ነው። ዛሬ ዌልታወር የሚባለው ኩባንያ በዚሁ መልክ በ1970 ኦሃዮ ውስጥ ተቋቁሞ በጤናና በአረጋውያን ሕንፃዎች ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመረ። በ1981 ደግሞ ፖል ክላሰን የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ሰንራይዝን ከፈተ፤ ቤተሰቦቹ ከሆላንድ የመጡ ናቸው፤ ሐሳቡንም የወሰደው እዚያ ካሉት የሽማግሌ ቤቶች ነው። ሆስፒታል ሆስፒታል የማይሸት፣ ቤት የሚመስል ቤት ነበር የፈለገው። ኩባንያው በ1996 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ።

የገበያው ምክንያት ግልጽ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ ከ1946 ጀምሮ እንደ ጉድ የተወለዱት አሜሪካውያን የመጀመሪያዎቹ በ2026 ሰማንያ ዓመት ይሞላቸዋል። ሰማንያ ማለት ደግሞ ሰው ጫማውን ለማሰር ጎረቤት የሚፈልግበት ዕድሜ ነው። ከፋዩስ ማን ነው? መንግሥት ይመስላችኋል። በ1965 የታወጀው የሽማግሌዎች ሕክምና መድን፣ ሜዲኬር፣ ሆስፒታሉን ይከፍላል እንጂ እንዲህ ባለ ቤት ሲጦሩ ለመኖሪያና ለዕለት ተዕለት እንክብካቤ አይከፍልም። በዚያው ዓመት የመጣው ሜዲኬይድ ለድሃ ይከፍላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ድሃ መሆንን ይጠይቃል። ስለዚህ መካከለኛው አሜሪካዊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕዳውን የከፈለበትን ቤት ሸጦ አልጋ ይከራያል። የቤቱ ገንዘብ ሲያልቅ ነው መንግሥት ከግል ከፋዩ ባነሰ ሒሳብ የሚረከበው። እኛ ወረቀት ላይ ያሉት ስድስት አልጋዎች ላይ አራቱ "የግል"፣ ሁለቱ "የመንግሥት" ተብለው ተጽፈዋል። ትርፉ ያለው አራቱ ላይ ነው።

ማታ ማታ ወረቀቱን እያወጣሁ አየው ጀመር። አንድ መስመር ላይ "ባዶ አልጋ፣ በዓመት 30 ቀን" ይላል። ወዳጄን ስልክ ደውዬ፣ "አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ ይቆያል?" አልኩት።

"የት?"

"አልጋው ላይ።"

ትንሽ ዝም አለ። "ሁለት ዓመትም የሚቆይ አለ፣ ስድስት ወርም፤ የእግዜር ሥራ ነው" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የጠየቅሁትን ጥያቄ እንደገና ሰማሁት። የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ የጠየቅሁት ዕድሜ ተመኝቼላቸው አልነበረም፤ ወይም ተመኝቼ ነበር፣ ግን እነሱ በማያውቁት ምክንያት።

ከዚያ በኋላ ነው ሚስቱ "ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ሌሊት እይ" ያለችኝ። ያን ጊዜ የምትሠራው በሌላ ሰው ፋሚሊ ሆም፣ በሌሊት ነበር። ባለቤቲቱን አስፈቅዳ ወጥ ቤት ውስጥ እንድቀመጥ አደረገች። ክፍሎቹ ውስጥ አልገባም፤ ሰዎቹን ማየትም አይገባኝም። የሆነውን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነው።

እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ቤቱ ዝም ብሎ ነበር። እሷ መድኃኒት የተሰጠበትን መዝገብ ሞላች፣ ልብስ አጣጠፈች። ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥታ አንድ ክፍል ገባች። "ላገላብጥዎት ነው እማማ" ትላለች በእንግሊዝኛ፤ "እማማ" ያለችውን ግን በአማርኛ ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ገባች። በመካከሉ ሌላኛው ክፍል ደውል ተደወለ፣ አንሶላ ተቀየረ፣ ልብስ ማጠቢያው ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቦይንግ ፋብሪካ የኖሩ ሰው ናቸው አለችኝ ኋላ። በዚያ ሰዓት ለብሰው ይወጣሉ።

"ሺፍቴ ደርሷል" ይላሉ በጎርናና ድምፅ።

"ዛሬ እረፍት ነዎት" ትላቸዋለች።

"ማን ተክቶኝ ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አመሰግናለሁ" ብለው ተመለሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ነገር ሆነ፤ እሷም በዚያው ቃል መለሰችላቸው።

ጠዋት መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠየቅኋት። "የራሳችንን ስንከፍት እዚያው ስለምኖር ይሻላል፤ በመካከል በመካከል ሸለብ አደርጋለሁ" አለችኝ።

ይህቺ "ሸለብ" የምትባል ቃል ናት ወረቀቱን የፈታችልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳልተኛ እርሳስ አነሣሁ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው 40 ሰዓት ይሠራል። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ በማናቸውም ሰዓት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቆሞ እንዲገኝ ከተፈለገ አራት ሠራተኛ ተቀጥሮ እንኳ አንድ የስምንት ሰዓት ሺፍት ይተርፋል። ወረቀቱ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሁለት ናቸው። ሰማንያ ሰዓት። የቀረው 88 ሰዓት የማን ነው? በቀን ሲመታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቅዳሜ የለ፣ ፋሲካ የለ። ወረቀቱ አይናገርም እንጂ የእሷ ነው። ትርፉ ሲካፈል ግን እሷና ባሏ አንድ ሦስተኛ፣ ቤቱ ተኝቼ የማድረው እኔ አንድ ሦስተኛ፣ ነዳጅ ማደያቸው ውስጥ የሚውሉት ጋሼም አንድ ሦስተኛ!

የሌሊቱን ብቻ እንቅጠር ብንል፣ ስምንት ሰዓት በሰባት ቀን 56 ሰዓት ነው፤ በሰዓት በ20 ዶላር ሒሳብ በሳምንት 1,120፣ በወር 4,853 ዶላር። ከ5,400 ላይ ሲነሣ የሚተርፈው 547። ለሦስት 182 ዶላር ይደርሰናል። የሠራተኛው ግብርና መድን ሲታከልበት እሱም አይኖርም። 27 ከመቶው የመጣው ከሕንፃው ወይም ከሰፈሩ ዋጋ ሳይሆን ከአንዲት ሴት እንቅልፍ ነበር።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ይህንን ነገር ያወቁት ቀስ በቀስ ነው። ለረጅም ጊዜ ሪቶቹ ሕንፃውን አከራይተው ኪራይ ብቻ የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ውስጡ ያለው ሥራ የሌላ ሰው ራስ ምታት ነበር። በ2008 የወጣ ሕግ ከራሱ ከሥራው ገቢም ድርሻ እንዲኖራቸው መንገድ ከፈተ። አልጋው ሲሞላ ተጠቀሙ፤ ሲጎድል አብረው ጎደሉ። በ2020 መጀመሪያ ኮቪድ ከእኛ ሰፈር ብዙ በማትርቅ ከርክላንድ በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን ተቋም ውስጥ ሲገባ አሜሪካ ሁሉ አየው። በአገሪቱ ያሉት የአረጋውያን መኖሪያዎች በዓመቱ ውስጥ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ባዶ ሆኑ። ያን ጊዜ ከጠፉት ሰዎች ጋር የጠፋው ሌላ ነገር ሠራተኛ ነበር፤ ሕንፃው ግን እንደ ቆመ ነው።

ለእናቴ ነገሩን በስልክ ነገርኳት። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን የእኔን ያህል ይሰማል።

"ልጅ የላቸውም?" አለችኝ መጀመሪያ። እንደምትል አውቅ ነበር።

"አላቸው። ሥራ ላይ ናቸው።"

"እንደ አንተ" አለች። ለመውጋት አይደለም፤ ወይም እኔ አይደለም ብያለሁ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፤ "ሌሊት ማን ያገላብጣቸዋል?"

እኔ ይህንን ጥያቄ ለማግኘት አንድ ሌሊት ሰው ቤት ማደር ነበረብኝ። እሷ ግን ከየት አመጣችው? ኋላ ትዝ አለኝ። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ግማሽ ጎኗ በድን ሆኖ አራት ዓመት እኛ ቤት ተኝታለች። ቤታችን ውስጥ ይወራ የነበረው ስለ አባቴ ነው፤ "እናቱን እንዴት አድርጎ ጦረ!" ይባል ነበር፤ ለቅሶው ላይም ተብሏል። አባቴ በእርግጥ ሐኪም አምጥቷል፣ በግ አርዷል። በኩራዝ ብርሃን ተነሥታ አማቷን የምታገላብጠው፣ ጀርባዋን ቅቤ የምትቀባው፣ ጨርቁን ገና ሳይነጋ የምታጥበው ግን እናቴ ነበረች። አራት ዓመት። በቀን ደግሞ አምስት ልጅ።

"ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ስንባባል አማርኛው ወንድም ሴትም ያላለ ይመስላል። በ1992 በእኛ አቆጣጠር የወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ልጅ ለወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ምግቡን፣ መጠለያውን፣ ልብሱን፣ ሕክምናውን ይቆጥራል። ሌሊቱን የሚቆጥር አንቀጽ የለውም። እኔም እዚህ ተቀምጬ "የፈረንጅ ልጅ እናቱን አውጥቶ ይጥላል፣ እኛ ግን እንጦራለን" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማን ነው እኛ? ደሴ እናቴ እግር ሥር ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። እናቴ በሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሣለች። የልጅቷን ደሞዝ በየወሩ እልካለሁ፤ መቼ እንደምትተኛ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሦስታችን ባለገንዘቦች የወዳጄ ቤት ተሰበሰብን። እርሳሴን ይዤ ሄድኩና "የሌሊት ሠራተኛ" የሚል መስመር ጨመርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው 182ቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እንዲህ ከሆነማ ባንክ ብናስቀምጠው አይሻልም? ባንክ አይታመምም" አሉ።

ወዳጄ በእኔ ላይ ተቆጣ። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው! አምስት ዓመት ትቸገራለህ፣ ከዚያ ሁለተኛ ቤት ትገዛለህ፣ ከዚያ ሰው ትቀጥራለህ" አለ። ውሸት አላለም። በዚህ መንገድ ሄደው ሦስት ቤት ያላቸው፣ ልጆቻቸውን ሐኪም ያደረጉ ሰዎችን አውቃለሁ። አምስት ዓመቱን በስኳርና በወገብ የጨረሱም አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሚስቱ ቡናውን እየቀዳች ነበር። "እኔን ጠይቃችሁኛል?" አለች።

ዝም አልን።

"መሥራቱን እሠራዋለሁ። ያለ ሥራ ኖሬ አላውቅም። ግን ያ 88 ሰዓት ከወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ባይከፈለኝም ይጻፍ። ትርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ከእሱ ላይ ይታሰባል፤ ከዚያ እናንተ ትካፈላላችሁ።"

ጋሼ በሚቀጥለው ሳምንት በትሕትና ደውለው ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ገንዘባቸው ነው፣ ያወጡትም በላባቸው ነው። እኔ የድርሻዬን ግማሽ፣ 40 ሺህ፣ በባለቤትነት ሳይሆን በብድር፣ ለአምስት ዓመት፣ ባንክ ለቁጠባ በሚከፍለው ወለድ ልሰጣቸው ተስማማሁ። ስድስት ክፍል ያለው ቤት በዚህ መካከል ለሌላ ሰው ተሸጠ። አሁን የሚያዩት አራት ክፍል ያለው ነው፤ ደጁ ላይ ሁለት ደረጃ አለው፣ መወጣጫ ይሠራለታል ይላሉ። ወዳጄ አሁንም ትንሽ ቅር እንዳለው አውቃለሁ። ሒሳቡን እሷ ናት የምትይዘው፤ ለሰዓቱ የተለየ ደብተር ገዝታለች።

ከቀረው 40 ሺህ ላይ ለእናቴ ሁለተኛ ሰው ልቀጥር ስል የገጠመኝን ተቃውሞ አልነግራችሁም። "ለአንዲት አሮጊት ሁለት ሰው! መንደሩ ምን ይላል?" አለች። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ስለ ኩራዙና ስለ ቅቤው አነሣሁባት። በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ያንን ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"አይቼሻለሁ። ተኝቻለሁ ብለሽ ታስቢ ነበር እንጂ።"

ሁለተኛዋ ልጅ መስከረም ላይ ገባች። አንዷ ቀን፣ አንዷ ሌሊት ናቸው። የመጀመሪያዋ ማታ ትምህርት ቤት ተመዝግባለች። እናቴ አዲሷን እስካሁን በስሟ አትጠራትም፤ "እንግዳዋ" ነው የምትላት፤ ቁርስም ራሷ ተነሥታ ልታቀርብላት ይቃጣታል።